ሰባ በመቶው

አጅባር በምትባለው የወሎ ከተማችን ውስጥ ከጡረተኛ ጋር ቡና የጠጣ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ የጡረታ አበል እንዴት እንደሚሰላ ተምሮ ነው የሚነሣው። ሌላ ወሬ አጥተን አይደለም። ስለ ብርዱ እናወራለን፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ በግ ዋጋ፣ ከደሴ ይመጣል ስለተባለውና ስላልመጣው መኪና እናወራለን። አቦሉ ላይ የትም እንጀምር፣ ቶናው ላይ የትም እንዙር፣ በረካው ሲቀዳ ወሬው እዚያችው ሂሳብ ላይ ይወድቃል። አንባቢዬም እንግዲህ ሳይማሩ አያልፉም።

ሂሳቧ እንዲህ ናት። አሥር ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ከደመወዙ 30 በመቶ እየተቆረጠለት ይኖራል። ከአሥሩ በላይ ላገለገለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ምጽአት ቢያገለግሉ ሰባ ያው ሰባ ነው፣ አይላወስም። ያልተዋጠለት የጡረታ አዋጁን ገልጦ ማየት ይችላል። አሁን እርሳስ ያንሡ። ከ30 ተነሥቶ 70 ለመድረስ 40 ይጎድላል። 40ን ለ1.25 ሲያካፍሉት 32 ዓመት ይመጣል። መጀመሪያ ያሉትን አሥር ዓመታት ሲደምሩ 42። ከ60 ላይ 42 ሲነሣ 18። እንግዲህ አሥራ ስምንት ዓመት በሞላዎ ማግስት መሥሪያ ቤት ገብተው፣ ሳይኮበልሉ፣ ሳይታሰሩ፣ ከአለቃ ተጣልተው ሳይለቁ፣ ስልሳ በሞላዎ ዕለት ቢወጡ ልክ ሰባ በመቶ ሰው ይሆናሉ ማለት ነው። ሕጉን ያረቀቀው ሰው ወይ በጣም ጠንቃቃ ነው ወይ በጣም ቀልደኛ ነው። ጡረታን ለዓለም ያስተማሩት ጀርመኖች በ1889 እ.ኤ.አ. ሕጋቸውን ሲያወጡ መውጫውን 70 ዓመት አድርገውት ነበር። እኛ ዕድሜውን ቀነስንና ሰባውን ወደ በመቶው አዛወርነው።

እኔን ግን ሰባው እንቅልፍ አይነሣኝም። የራሴ ከሰባው ትንሽ ጎደል ስለሚል ከእሱ ጋር ከተቆራረጥን ቆይተናል። የሚያሳስበኝ ሠላሳው ነው። ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ቀን ሳያጎድል ላገለገለ ሰው እንኳ የማይከፈለው ያ ሠላሳ በመቶ የት ነው የሚገባው?

መልሱን ፍለጋ ከመሄዴ በፊት ስለ ሂሳቡ አንድ ነገር ልጨምር፤ መቶኛው የሚታሰበው ከየትኛው ደመወዝ ነው? ሕጉ የሚያየው የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ነው። ከዚያ በፊት የት ቆላ ወርደው ወባ እንደያዝዎት፣ የት ደጋ ወጥተው ጣትዎ በቁር እንደደነዘዘ ጉዳዩ አይደለም። በዚህ የተነሣ ሃምሳ ሰባት ዓመት የሞላው ሠራተኛ ጠባዩ ይለወጣል። ዕድሜ ልኩን ለዕድገት ውድድር ደንታ ያልነበረው ሰው ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ይታያል። መነጽሩን ያወልቃል፤ መልሶ ያጠልቃል። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የተባለው ለሹማምንት ነው ብሎ ሲስቅ የኖረ ሁሉ፣ ሦስት ዓመት ሲቀረው ተረቱ የራሱ መሆኑ ይገባዋል።

አጅባር ደግሞ የራሷ አቆጣጠር አላት። መንግሥት ሰውን በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ሲያውቀው፣ አጅባር የምታውቀው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ነው።

እዚህ ከተማ አንድ ሽማግሌ አሉ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ድሬሰር ሆነው መጡ። በኋላ ተምረው ማዕረጋቸው ከፍ አለ፤ ጽሕፈት ቤት መሩ፤ ስብሰባ ላይ ፊት ወንበር የሚጠበቅላቸው ሰው ሆኑ፤ ከጡረታ በኋላም መድኃኒት መደብር ከፍተው ነጭ ጋውን ለበሱ። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ ጎረምሳ በሙሉ ስማቸው፣ ከነማዕረጋቸው፣ ቤታቸውን ሲያፈላልግ ዋለ። ከተማው በአንድ አፍ "እንዲህ ያለ ሰው እዚህ የለም" አለው። ወደ ማምሻው አንዲት ቆሎ ሻጭ "ይኼ ልጅ ድሬሰሩን ይሆን እንዴ የሚለው?" ብትል፣ ቆሎ ሲቆረጥም የነበረ እጅ ሁሉ ወደ አንድ በር ተቀሰረ። ድሬሰር የሚባል መደብ ከመንግሥት መዋቅር ከወጣ ስንት ዘመኑ! አጅባር ግን አልሻረቻቸውም። ያኔ በሌሊት ፋኖስ አስይዘው፣ መርፌያቸውን ቀቅለው የወጉት ሕፃን ዛሬ አያት ሆኗል። ስብሰባ የመራውን ሰው ይረሳል፤ የወጋውን ግን አይረሳም።

እኔም በዚሁ አቆጣጠር "የኔታ" ነኝ። ሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ራሴ ተማሪ ነበርኩ። ደሴ ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት የተማርከውን አስተምር ተባልኩ፤ ዳስ ተጣለ፤ የፊደል ገበታ ተሰቀለ፤ ከፊቴ የተቀመጡት ደግሞ የአባቴ እኩዮች ነበሩ። ሞፈርና ዕርፍ የለመደ እጅ እርሳስ ሲጨብጥ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ያላየ ሰው አያውቀውም፤ "ሀ" ሳትጻፍ እርሳሷ ትሰበራለች። ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. ለዘመቻው ሽልማት መስጠቱን በሬዲዮ ሰማሁ። ሽልማቱ እኔ ዘንድ አልደረሰም፤ የኔታነቱ ግን ደርሶኛል፣ እስከ ዛሬም አልተነሣም።

ከእነዚያ ተማሪዎቼ መሐል አንዲት ሴት ነበሩ፤ ያኔ የልጆች እናት፣ አሁን እማማ የምንላቸው። ፊደል ሁሉ አልገባቸው ብሎ በመጨረሻ ስማቸውን ብቻ መጻፍ ቻሉ። ስማቸው ረጅም ነው። ብዙ ዓመት አልፎ ሴፍቲኔት የሚሉት የድጋፍ መርሐ ግብር መጣ፤ ገንዘብ የሚከፈልበት ቀን ሰልፉ ረዝሞ፣ ፀሐዩም ነፋሱም ባንድነት የሚጋረፍበት ሰዓት ላይ ተራቸው ደረሰ። ከፋዩ ልጅ እንደ ልማዱ የቀለም ሳጥኗን ወደ እሳቸው ገፋ።

"ጣቴን አላስነካም" አሉ።

"እማማ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚፈርመው።"

"ሁሉም ይፈርም። እኔ ፊርማ አለኝ።"

እስክሪብቶውን ተቀበሉ። ነጠላቸውን አጣፉ። ከዚያም መጻፍ ጀመሩ። አንዱን ፊደል ከጨረሱ በኋላ ቀና ብለው ያዩታል፤ ካማራቸው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ፤ ካላማራቸው እግሩን ያስረዝሙለታል። ሰልፉ ቆመ። ከኋላ ማጉረምረም ተሰማ። አንዱ ጎረምሳ "ማን ነው እባካችሁ እኚህን ሴትዮ ያስተማረው?" ብሎ ጮኸ። እማማ እስክሪብቶውን ሳያነሡ፣ ለጉዳይ መጥቼ በአጠገብ ቆሜ የነበርኩትን እኔን በግራ እጃቸው አመለከቱ። "ይኸው፣ የኔታ።" ሰልፈኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ካገኘኋቸው የምስጋና ወረቀቶች ሁሉ ያንን የሚያህል ትኩረት ያስገኘልኝ የለም።

በይፋ የተጻፈው የሥራ ታሪኬ ውስጥ ግን የኔታነት አጭር ምዕራፍ ነው። ከዘመቻው በኋላ ደሴ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ወጣሁና ገጠር አስተማርኩ። 1977 ሲመጣ ክፍሉ ባዶ ሆነ፤ ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር ወደ እህል መስጫው ሄዱ። ጠመኔዬን አስቀምጬ የተረጂ ስም መዝጋቢ ሆንኩ፤ ቀጥሎም ወደ ኢሉባቦርና ወደ መተከል ለሠፈራ የሚሄደውን ሰው ስም ጻፍኩ። በዚያ ዓመት አይቀለድም፤ አልፈዋለሁ።

በ1983 መንግሥት ተለወጠ፤ እኔም ከትምህርት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት ተዛወርኩ። ደብዳቤው "ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል" ይላል። ከዚያ ወዲያ በሥራ ዘመኔ ስዛወር፣ ስመደብ፣ ስነሣ፣ ስቀመጥ ይህች ሐረግ ተለይታኝ አታውቅም። ሥራው ያን ሁሉ ዘመን ሲቀላጠፍ ኖሮ የት እንደደረሰ ግን የነገረኝ የለም። መሥሪያ ቤቱም ስሙን ይቀያይራል፤ መምሪያ የነበረው ጽሕፈት ቤት፣ ጽሕፈት ቤት የነበረው ዴስክ፣ ዴስክ የነበረው ደግሞ የሥራ ሂደት ይባላል። ዘበኛውና ውሻው ብቻ በነበሩበት ይቀጥላሉ።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጣ። ሁላችንም ከወንበራችን ተነሥተን ለዚያው ለወንበራችን ተወዳደርን። ወንበሩ ለሌላ ሰው የደረሰበት "ተንሳፋፊ" ተባለ። እኔም ተንሳፈፍኩ። ከባሕር ወለል በላይ ይህን ሁሉ ሽቅብ ወጥቶ፣ ዙሪያው ገደልና ገብስ ብቻ በሆነበት አገር መንሳፈፍ ቀላል አይምሰልዎ። ደመወዝ አለ፤ ሥራ የለም፤ ወንበርም የለም። ጠዋት ገብቼ ፈርሜ፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ፣ ማታ ፈርሜ እወጣለሁ። ዛሬ ሳስበው መንግሥት ጡረታን አስቀድሞ ያለማመደኝ ያኔ ነው።

ከጃፓን ደግሞ ካይዘን ደረሰ። አጣሩ፣ አስተካክሉ፣ አጽዱ ተባልን፤ ይህስ ባልከፋ። እያንዳንዱ ዕቃ ቦታው እንዲታወቅ ጠረጴዛው ላይ በቢጫ ፕላስተር ተሰመረ። በእኔ ጠረጴዛ ላይ የስቴፕለር ቦታ ተከልሎ ነበር። ስቴፕለር ግን አልነበረንም። ቦታው ማንም ሳይነካው፣ ሳይቆሽሽ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ተጠብቆ ቆይቷል። በመጨረሻ ጄኢጂ የሚሉት ምዘና መጣ፤ የተመዘነው ሰውየው አልነበረም፣ መደቡ ነው። መደቤ ተመዝኖ ቀሎ ተገኘና ማኅደር ክፍል ገባሁ። በሕጉ ዓይን እንግዲህ እኔ ማለት ያ ነኝ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት የማኅደር ሠራተኛ።

አላማርርም፤ ማኅደር ክፍል የሰው ሁሉ ገመና የሚገኝበት ቦታ ነው። እያንዳንዱ ፋይል የሚጀምረው ሰውዬው ሲቀጠር በሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ነው፤ እዚያ ላይ የተጻፈው የልደት ዘመን እስከ ጡረታ ይከተለዋል። በእኛ አገር ደግሞ የልደት ቀን የሚታወቀው "አንበጣ የገባ ጊዜ"፣ "ያ ክፉ ቀን ሊመጣ ሲል" እየተባለ ነው። ስለዚህ ቅጹን ሲሞላ ሁሉም እንደ ፍላጎቱ ተወለደ። ቶሎ መቀጠር የፈለገ ዕድሜ ጨመረ፤ ብዙ ማገልገል የፈለገ ቀነሰ። ከታናሽ ወንድሙ በአራት ዓመት ያነሰ ታላቅ ወንድም በዓይኔ ያየሁት ፋይል ውስጥ ነው። የቀነሱት ሰዎች መከራቸውን ያዩት በኋላ ነው፤ ወረቀቱ ሃምሳ አምስት ሲላቸው ጉልበታቸው በራሱ ፈቃድ ጡረታ ወጥቶ ይጠብቃቸዋል።

ፋይሎቹን ሳገላብጥ አንድ ነገር ገባኝ። ከነዚያ ሁሉ ሰዎች "ይህን ሥራ ልተውና ያንን ልያዝ" ብሎ በራሱ አሳብ ሥራ የለወጠ ለመድኃኒት አይገኝም። መምህሩን ድርቅ መዝጋቢ አደረገው፤ ወታደሩን የ1983 ለውጥ ዘበኛ አደረገው፤ ጸሐፊዋን ኮምፒዩተር መጥቶ ተላላኪ አደረጋት። ሁላችንም ግን ቡና ላይ ስናወራ "ከዚያ ወደ እርዳታ ሥራ ገባሁ"፣ "ከዚያ ጥበቃውን ያዝኩ" እንላለን፤ መርጠን የገባን ይመስላል።

ነገሩ የዛሬ ብቻ አይደለም። ሰውን ሥራ በማስለወጥ መቅደላን የሚያህል ተራራ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የለም፤ መቅደላ ደግሞ ጎረቤታችን ነው። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከስዊስ አገር የሚስዮን ማሠልጠኛ ወንጌልና የእጅ ሙያ እናስተምራለን ብለው የመጡ ሰዎች ጋፋት ላይ ሠፈሩ። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። አናውቅም አሉ። ለንጉሥ አናውቅም ማለት መልስ አልነበረምና እየቀለጠ እየፈሰሰ፣ እየፈነዳ እየተበላሸ ለመዱ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተወለደው እንዲያ ነው። ያን ብረት ከደብረ ታቦር አቅጣጫ ገደል ለገደል መንገድ እየተጠረገለት፣ ሰው በጠፍር እየጎተተው መቅደላ አወጡት፤ እስከ ዛሬም እዚያው አለ። ከተራራው ያልወረደ ጡረተኛ እሱ ብቻ ነው።

ከሠሪዎቹ አንዱ ቴዎፊል ዋልድማየር ይባላል። ሚያዝያ 1860 መቅደላ ሲወድቅ ከእንግሊዞች ጋር ከአገር ወጣ። ከዚያስ? ሊባኖስ ሄዶ ብሩማና በሚባል መንደር በ1873 እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤት ከፈተ። ሲሸመግል ደግሞ ቤይሩት አጠገብ፣ አስፉሪየህ ላይ፣ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ከወንጌል ወደ መድፍ፣ ከመድፍ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ አማኑኤል እንደማለት ነው። ይህን ለቡና ጓደኞቼ ስተርክ አንዱ የቀድሞ ርእሰ መምህር "የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቅደም ተከተላቸው ትክክል ነው" አሉ። ዋልድማየር ሁለቱንም አገሮች የሚተርክ የሕይወት ታሪክ ጽፏል። ሊባኖስ ግን በሆስፒታሉ ታውቀዋለች፤ እኛ በመድፉ። የእኔ የሦስት ዓመት ሕግ እዚህ ላይ ትንሽ መስተካከል ሳያስፈልጋት አይቀርም። አገር ሰውን የሚያስታውሰው በመጀመሪያ በሠራው ብቻ ሳይሆን፣ እሷን ራሷን በነካበት ሥራ ነው። ለአጅባር አዲስ ስለነበርን ያኔ ነካናት፤ ከዚያ በኋላ ወረቀት ነው የነካነው።

ትልልቆቹም ሰዎች ከዚህ አያመልጡም። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ሄደው መድፈኝነት ተማሩ፤ ተመልሰው አገረ ገዢ ሆኑ፤ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ጻፉ፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ ጄኔቭ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ፤ ተሰደዱ፤ ተመልሰውም ሂርና ላይ ገበሬ ሆኑ። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው የሥራ ልምድ ማስረጃ ላይ ቢጻፍ የትኛውም የሰው ሀብት ክፍል "የማይዛመድ ልምድ" ብሎ ይመልሰዋል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ቢሰላማ ፊታውራሪ ገበሬ ናቸው፤ ለገበሬ ደግሞ ጡረታ የለም።

ስለ ገበሬ ካነሣን ጎረቤቴን ላስተዋውቅዎ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ አያ እላቸዋለሁ። ጡረታ የወጣሁ ሰሞን አጥር ለአጥር ተገናኘን።

"ወጣ አሉኝ። ከምን ነው የወጣኸው?"

"ከሥራ ነዋ፣ አያ።"

"አሞህ ነው?"

"ኧረ ደኅና ነኝ።"

"አጥፍተህ ነው?"

"አላጠፋሁም። ስልሳ ሞላኝ።"

"ስልሳ የሞላው ሰው ምን ይሆናል?"

"ያርፋል። ከደመወዙም ይቆረጥለታል።"

"ሳይሠራ?"

"ሳይሠራ።"

ጥቂት አሰቡ። "እንግዲህ ጤነኛ ነህ፣ አላጠፋህም፣ ደመወዝ አለህ፣ ሥራ የለህም። ነገ ገብስ አጭዳለሁ። ማጭድ አንተ ይዘህ ትመጣለህ ወይስ እኔ ላምጣ?"

በማግስቱ አጨድኩ። በሥራ ዘመኔ ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ፈተና፣ ያለ ደብዳቤ የተቀጠርኩት ያኔ ብቻ ነው። ሲመሽ ሰውነቴ ሁሉ ተሰባብሮ፣ ጠላ እየጠጣን፣ የእሳቸውን የሥራ ታሪክ ጠየቅኋቸው። "ምን የሥራ ታሪክ አለኝ? እዚሁ ቁልቁለት ላይ አይደል የኖርኩት" አሉ። ጎትጉቼ ባወጣው ግን ከእኔ ይበልጣል። በንጉሡ ጊዜ የሰው መሬት በእኩል ያርሱ ነበር። የካቲት 1967 የመሬት አዋጅ ሲወጣ ባለ መሬት ሆኑ። ቀጥሎ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ተደረጉ። ቀጥሎ በሬዎቻቸው የአምራቾች ማኅበር በሬዎች ሆኑ። ኢሕአዴግ ገብቶ ድልድል ሲመጣ ሊቀመንበር የነበሩ "ቢሮክራት" ተባሉ፤ ጫማ ሳይኖራቸው። በ1997 ሴፍቲኔት ሲጀመር ራሳቸው ያረሱትን ተራራ በቀን ሥራ እርከን ሠሩበት። እኔ ሥራ ለመለወጥ ቢያንስ ከወንበር ወደ ወንበር ተነሥቻለሁ። አያ ከቁልቁለታቸው ሳይነቃነቁ ሥራው እየመጣ በላያቸው ላይ ተለወጠ። ያም ሆኖ ለጡረታ ሰባት በመቶ የቆረጠባቸው የለም፤ ሰባ በመቶ የሚከፍላቸውም የለም። ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ግን "ጎበዝ አጫጅ" ብሎ ነው፤ ይኸው ማዕረጋቸው ያን ሁሉ ሥርዓት አልፏል።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ሥራን ሲም ካርድ ሲለውጡ ያህል ነው የሚለውጡት። ከበሽሎ ማዶ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ኦፓል ተገኘ። ገደሉ ወገብ ላይ በቀጭን ንብርብር ተኝታ የኖረች ድንጋይ ናት። ትናንት አራሽ የነበረው ዛሬ ቆፋሪ፣ ነገ ደላላ፣ ከነገ ወዲያ በከተማ ቤት ሠሪ ሆነ። ሌላው ደግሞ የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ፤ ዋሻው የተደረመሰበትም አለ። መምህር ሆኖ የተቀጠረ አንድ ልጅ ከኪሱ መሐረብ ፈትቶ ድንጋዩን በፀሐይ አሳየኝ። አረንጓዴና እሳት የመሰለ ቀይ እየተቀባበሉ ያልፉበታል። "የኔታ፣ ይቺ የስንት ወር ደመወዝ ናት?" አለኝ። ሂሳቡን አልሞከርኩትም፤ ለራሴም ለእሱም አይጠቅምም።

ሴቶቹ ልጆች ዓረብ አገር ይሄዳሉ። ጂዳ የሰው ልጅ አሳድጋ፣ የሰው ወለል አጽድታ፣ ወንድሞቿን አስተምራ የተመለሰች አንዲት ልጅ እዚህ ሱቅ ከፍታለች። ያ ሁሉ ዓመት አገልግሎት የተጻፈበት ፋይል በየትኛውም ማኅደር ክፍል የለም፤ ፈልጌ ነው የምናገረው። ታናሽ ወንድሟ መካነ ሰላም፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተምሮ ሲመረቅ ግን ጋውኑን ለእሷ አልብሶ ነው ፎቶ የተነሣው። በእኔ በማኅደር ሠራተኛው ዓይን ሲታይ፣ ያ ፎቶ ሕጋዊ የአገልግሎት ማስረጃ ነው።

ይኸው ልጅ አንድ ቀን ሲቪዬን ይዩልኝ ብሎ መጣ። ሁለት ገጽ ነው። "የአመራር ክህሎት"፣ "በቡድን የመሥራት ብቃት"፣ "ጫናን የመቋቋም ችሎታ" ይላል። ገና አንድ ቀን ተቀጥሮ አያውቅም። ሳነበው ቀናሁበት፤ እኔ ያን ሁሉ ዘመን ሠርቼ ስሸኝ የተነበበልኝ ታሪክ ግማሽ ገጽ አይሞላም። በሽኝቴ ዕለት ንግግር ያደረገው ኃላፊ ያንኑ ዓመት የመጣ ልጅ ነበር። "በማኅደር ባለሙያነት ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ" ብሎ ጋቢ አለበሰኝ። ጋቢው ጥሩ ነው፤ የአጅባርን ብርድ ብቻውን ባይችለውም። ከኋላ ወንበር ግን አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ "እኔን 'ለ'ን ከ'ሰ' የለዩልኝ እሳቸው ናቸው፤ ይኼም ይመዝገብ" አለ። ጸሐፊው ኃላፊውን አየ፤ ኃላፊው ሰዓቱን አየ፤ አልተመዘገበም።

ሠላሳ በመቶው የገባበት እንግዲህ እዚያ ነው እላለሁ። መንግሥት የከፈለን ላስቀመጠን ቦታ ነው፤ ሰባውም የዚያ ነው። ድሬሰሩ በሌሊት የሄዱበት መንገድ፣ የእማማ ፊርማ፣ የልጅቱ የጂዳ ዓመታት፣ የአያ ማጭድ፣ እነዚህ በየትኛውም መደብ ሥር ስለማይወድቁ ከሰባው ውጪ ቀሩ። የነዚህ ከፋይም ባንክ ሳይሆን አገሬው ነው፤ ሲከፍልም በብር አይከፍልም። ሰርግ ቤት ከፍ ብለህ ተቀመጥ ይልሃል፤ ወረፋ ላይ "እሱን አስቀድሙት" ይልሃል፤ መንገድ ተዘግቶ ባንኩም ተዘግቶ አበላችን ሳይደርሰን በሰነበተ ጊዜ፣ ሱቅ ያላት ልጅ "የኔታ፣ መዝገቡ ይቆይ" ብላ ስኳር ትሰጥሃለች።

ስለዚህ ለሕግ አውጪው የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። በሚቀጥለው ማሻሻያ አንዲት አንቀጽ ትግባ፦ "ጡረታ የሚወጣ ማንኛውም ሠራተኛ ሰባ በመቶው በዚህ አዋጅ መሠረት ይሰላል፤ ቀሪው ሠላሳ በመቶ ሠራተኛው ባገለገለበት ከተማ በሚቋቋም የቡና ኮሚቴ ይወሰናል።" የኮሚቴው አባላት አምስት ይሁኑ፤ አንድ የቀድሞ ተማሪው ወይም ታካሚው፣ አንድ ጎረቤት፣ አንድ የዕድር ዳኛ፣ አንድ ብድር የሰጠው ሰውና ቡናዋን የምታፈላዋ ራሷ፤ የሷ ድምፅ ሁለት ይቆጠር። ስብሰባው በአቦል ተከፍቶ በበረካ ይዘጋ። ማስረጃ በቃል ይቅረብ፤ የልደት ዘመን አይጠየቅ።

ሐሳቡን ለጡረተኛ ጓደኞቼ ሳቀርበው መጀመሪያ አጨበጨቡ። በረካው ሲቀዳ ግን አንድ በአንድ ማፈግፈግ ጀመሩ፤ አንዱ "ሰባው ይበቃል" አሉ፤ ሌላው "ለምን ሰው እናስቸግራለን" አሉ። ለካ ሁላችንም በልባችን አንድ ነገር አስልተናል፤ ኮሚቴው ሠላሳውን የሚጨምርልን ሰዎች አለን፣ ከሰባው ላይ የሚቀንስብንም አለን።